ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እወድቅ ነበር

የልጄን መርዶ የሰማሁት ጎሕ ሲቀድ ነው። ልጄ ማሩ፣ የንስሐ አባቴ አባ ክንፈና ሁለት ጎረቤቶች በራፌ ላይ አንድ ላይ ቆመው ሳይ ገባኝ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። "ማን ነው?" አልኩ። አባ ክንፈ መስቀላቸውን እንደያዙ "ስንዱ አርፋለች፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ።

ስንዱ የመጨረሻ ልጄ ናት። ጠለምት ተድራ ትኖር ነበር። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሲጠና ከባሏ ወገኖች ጋር ወደ ሱዳን በእግሯ መነሣቷን ሰምተን፣ እኛም ቀደም ብለን በገባንበት በዚህ በሱዳኑ ፋው እርሻ ሆነን ከድንበር የሚመጣውን ሎሪ ሁሉ ስናይ ከርመናል። መንገድ ላይ ወለደች፤ መንገድ ላይ ቀረች።

ሁለት እጄን ፊቴ ላይ ጫንኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መሬቱን ነው።

"ኀዘኑ ጣላት" አሉ። እናት መርዶ ሰምታ ብትወድቅ ምክንያቱን ማን ይጠይቃል? እኔም አልጠየቅሁም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊትም ተንገዳግጄ ነበር። ፊቴን ስታጠብ አንድ እጄ ግድግዳውን ካልያዘ ወደ ጎን ይወስደኝ ነበር። ሲመሽ ደግሞ መሬቱ ከእግሬ ሥር የሚሸሽ ይመስለኛል። የነቢያት ጾም ስለነበር ጾሙ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ዝም የሚል ሰው ካለ እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

ሕፃኗ የመጣችልን ከመርዶው ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው። ያመጣቻት የማናውቃት ሴት ናት፤ አቧራ የጠጣ ነጠላ ለብሳ፣ ትራክተር የሚነዳውን ማሩን ስትጠይቅ ውላ አገኘችን። ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ መምጣቷን፣ እሷ ራሷ ከድንበሩ ወዲህ እንደተቀበለቻት፣ ስንዱን በዓይኗ አይታት እንደማታውቅ ነገረችን። "ክርስትና አልተነሣችም ብለውኛል" አለች። ውሃ ጠጥታ፣ የራሷ ልጆች መጠለያው ውስጥ ይጠብቋት ስለነበር ቶሎ ሄደች።

ምራቴ አበባ የራሷን ወንድ ልጅ ታጠባ ነበር። አንዱን ጡት ለእሱ፣ አንዱን ለእሷ ሰጠች። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ምግብ። ከዚህ በታች የምጽፈው እሷን ለመውቀስ እንዳይመስልብኝ አደራ።

አንድ ጠዋት ሕፃኗን ታቅፌ ቆሜ እጸልይ ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውነቴ ወደ ግራ ሄደ፤ እግሬ አልተከተለኝም። ልጅቷን ደረቴ ላይ አጥብቄ ስለያዝኳት እኔ ከታች ሆንኩ፤ የአንገሬቡ፣ የገመድ አልጋው፣ ጠርዝ ጎኔን መታኝ። አበባ ሮጣ መጥታ ልጅቷን ከእጄ ወሰደች። ራሷን ዳሰሰች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ሆዷን አየች። ምንም አልሆነችም፤ ደንግጣ ታለቅስ ነበር እንጂ። ከዚያ አበባ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ ልጅቷን አይያዟት። ተቀምጠውም ቢሆን፣ እኔ ሳልኖር አይያዟት።"

ከስንዱ የቀረኝ ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። አንገቷ ገና አልጸናም። አበባ ልክ እንደነበረች አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ለሚወድቅ ሰው ሕፃን አልሰጥም። ግን ልጅቷ ስታለቅስ እጄን ጭኔ ላይ አጣምሬ መቀመጥ፣ የተቀመጥኩበትን ቤት የሰው ቤት አደረገብኝ።

መድኃኒት ፍለጋው ከዚያ ጀመረ። አባ ክንፈ ጾሙን ፈቱልኝ። ወተት ጠጣሁ፤ ወደቅሁ። የሠፈሩ መርፌ ወጊ ወባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ፤ ጨርሼው ወደቅሁ። ሌላው የደም ማነስ ነው አለ። ማሩ ሥራውን ትቶ በሎሪ ገዳሪፍ ከተማ ወሰደኝ። እዚያ ክሊኒክ ደጃፍ ላይ እስከ ማታ ተቀመጥን። ዙሪያዬን የነበሩት ከድንበር የመጡ እናቶች ናቸው፤ የታቀፏቸው ልጆች ክንድ ከጣቴ አይወፍርም። አንዷ ተነሥታ በአግዳሚው ላይ ቦታ ስትለቅልኝ አፈርኩ። "እኔ እኮ በልቻለሁ" ልላት ፈለግሁ፤ ግን ቁጭ አልኩ። ወረፋዬ ሲደርስ ሐኪሙ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። "እንግዲህ እሱ ነው" አለኝና ቀጣዩን ጠራ። ስንወጣ ያችው ሴት ደረጃው ላይ ትከሻዋን ሰጠችኝ፤ ልጇን በአንድ እጇ ይዛ፣ እኔን በሌላው ደገፈች።

ከሁሉ የከፋው ግን ጎረቤታችን ብርቄ ያስተዋለችው ነገር ነው። ብርቄ ደግ ሰው ናት፤ ዓይኗም ምንም አያመልጠውም። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ጠርታ፣ "ይርገዱ እንጨት ስትለቅም አትወድቅም። ውሃ ስትቀዳ አትወድቅም። የምትወድቀው ሲጸለይ ነው። ልብ አላላችሁም?" አለች።

ልክ ነበረች። ለእኛ ደግሞ ሲጸለይ መውደቅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ማንም አፍ አውጥቶ መንፈስ ነው አላለኝም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶች ልጆቻቸውን ከአጠገቤ ሲስቡ አይ ነበር። እኔም አመንኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የቆምኩበት ጸሎት ሲጥለኝ ሌላ ምን ልበል? ሌሊት መብራት ሲጠፋ ከአልጋዬ መውረድ እፈራለሁ፤ ሽንቴን ይዤ ንጋትን እጠብቃለሁ። ያ ሁሉ ጾምና ስግደት ለማን ሲደረግ ኖረ እያልኩ አለቅስ ነበር።

ጸበል አስጸለዩልኝ። በርሜል ሙሉ ውሃ ቀርቦ፣ አባ ክንፈ ደግመውበት፣ ሁለት ሰው እጄን ያዘኝ። የመጀመሪያው ውሃ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ማን ሳይጨፍን ይቀራል? ከሁለቱ ሰዎች እጅ ሾልኬ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። ሰዉ አማተበ። ብርቄ ከላዬ ቆመች።

"ማነህ? ስምህን ተናገር!"

"ይርገዱ ነኝ" አልኩ።

"ይዋሻል" አለች። "ጨምሩበት።"

ጨመሩበት።

"ኧረ ብርቄ፣ እኔ ነኝ" አልኳት አፌ ውሃ ሞልቶ። "ትናንት ሚጥሚጣ የላክሽልኝ።"

ብርቄ ወደ ሰዉ ዞረች። "አያችሁ? ስሜንም ያውቀዋል።"

ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ማሩ ነው በቁጣ መጥቶ አንሥቶ፣ እርጥቤን ይዞኝ የሄደ። ማታ አባ ክንፈ ቤቴ መጡ። ጸበሉ ሲፈስብኝ ፊቴን ሲያዩኝ ነበር። "መንፈስ የያዘው ሰው ብዙ አይቻለሁ" አሉኝ። "ይጮኻል፣ ይታገላል። ያንቺ ግን እንደ ተገፋ በርሜል ነው፤ ወድቀሽ ስለ ሚጥሚጣ ታወሪያለሽ። ልጄ፣ እኔ መጸለዬን አልተውም፤ አንቺ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።"

ከድንበር ለመጡት ተብሎ ፋው ዳር ላይ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። እዚያ ሰልማ የምትባል ሱዳናዊት ሐኪም አለች፤ ቀጭን፣ ድካም ዓይኗ ሥር የተጻፈባት። ዓረብኛዬ ለጥጥ ለቀማና ለገበያ የሚሆን ብቻ ስለነበረ ማሩ አስተረጎመልኝ። የት የት እንደምወድቅ ጠየቀችኝ። ፊቴን ስታጠብ፣ ሲጨልም፣ ስጸልይ፣ አልኳት። "ስትጸልዪ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?" አለችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም።

ተነሥቼ እግሬን ገጥሜ እንድቆም አደረገችኝ። "አሁን ጨፍኚ" አለች።

"እወድቃለሁ።"

"ውደቂ፣ ሐቦባ። እይዝሻለሁ።" ሐቦባ በእነሱ አያት ማለት ነው።

ጨፈንኩ፤ ትከሻዋ ላይ ወደቅሁ። አስቀመጠችኝና ከመውደቄ በፊት መርፌ ተወግቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለፈው ክረምት ሳል ይዞኝ እንደነበረ፣ ያ የሠፈራችን መርፌ ወጊ ሳሉ እስኪለቀኝ ድረስ በየቀኑ ይወጋኝ እንደነበረ ነገርኳት። ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ አስረዳችኝ። እንዲህ ያሉ መርፌ ወጊዎች ለሳል የሚወጉት ስትሬፕቶማይሲን ይባላል፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጥ ነው። በጆሮ ውስጥ፣ ከመስሚያው በስተኋላ፣ ሰውነት ቀጥ ማለቱንና ማዘንበሉን የሚለይበት ትንሽ ነገር አለ። መርፌው ያለ ልክና ያለ ሐኪም ቁጥጥር ሲወሰድ፣ በተለይ በሽማግሌ ሰው ላይ፣ እሱን ያቃጥለዋል። ዓይን ሲያይ ዓይን ይተካዋል፤ ዓይን ሲጨፈን ወይም ሲጨልም ግን ለሰውነት የሚነግረው የለም።

"ይመለሳል?" አልኩ።

"የተቃጠለው አይመለስም። እግርሽን ግን ማስተማር ይቻላል።"

"በዚህ ዕድሜ?"

"በዚህ ዕድሜ።"

አለቀስኩ። ለጆሮዬ አልነበረም ያለቀስኩት። በውስጤ ከእኔ በቀር ማንም አለመኖሩን ስለሰማሁ ነው።

ትምህርቱ በውሃ ውስጥ ነው ስትል ግን ጸበሉ ትዝ ብሎኝ ተነሣሁ። ዶክተራ ሰልማ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ደረቅ መሬት ላይ ስማር ብወድቅ ዳሌዬ ይሰበራል፤ ውሃ ግን ዙሪያውን ይደግፋል፣ ሲጥልም ቀስ ብሎ ነው፣ ለመያዝ ጊዜ ይሰጣል አለችኝ። የእርሻው ቦይ ውስጥ ማንም እንዳይገባ አጥብቃ ከለከለችን፤ ቢልሃርዝያ አለበት። ከክሊኒኩ ጀርባ ጎመን ለማጠጫ የተሠራ የሲሚንቶ ገንዳ ነበር፤ ውሃው ወገብ ይደርሳል፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ንጹሕ ነው።

እዚያ ለመድረስ ጀሪካን ይዘው በተሰለፉት ሰዎች አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ። ሰው ለጉሮሮው ውሃ በሚሰለፍበት ዓመት እኔ እስከ ወገቤ ገብቼ ልንቦራጨቅ? ለአባ ክንፈ ይህን ነገርኳቸው። ውሃው ኋላ የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ማታ ማታ ለአትክልቱ ይለቀቃል፤ ጎመኑም ለሕሙማኑ ይቀቀላል አልኳቸው። "እንግዲያ ጎመኑ ካንቺ በኋላ ይጠጣል፤ ሂጂ" አሉኝ።

ገንዳው ውስጥ ብቻዬን አልነበርኩም። የሠፈራችን ባለሱቅ እናት ዘሃራ ነበረች፤ የጎንደር ከተማ ሰው፣ እስላም፣ እኩያዬ። እሷ ጆሮዋ ደህና ነው፤ ጉልበቷ ከድቷት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ደግማ እንዳትወድቅ ነው የምትማረው። እኔ በሥላሴ ስም ብዬ ገባሁ፣ እሷ ቢስሚላሂ ብላ ገባች። የጸበሉን ወሬ ሰምታለች።

"ይርገዱ፣ ያንቺ ሰይጣን ዋና ይችላል?" አለችኝ።

ከመርዶው ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስቄም ደነገጥኩ፤ ስንዱን የከዳኋት መሰለኝ።

መጀመሪያ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ መቆም ብቻ ነበር። ቀጥሎ በአንድ እጅ፤ ቀጥሎ ጠርዙን በጣት ብቻ መንካት። ከዚያ አንድ እግር አንሥቶ መቆም። ከዚያ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስቀመጡ መሄድ። ዶክተራ ሰልማ ጣቷን አቁማ፣ ዓይኔን ከጣቷ ሳልነቅል ራሴን ግራና ቀኝ እንዳዞር ታደርገኛለች፤ ይህ እንደ ባሕር ያቅለሸልሸኛል፤ ያስመልሰኝም ነበር። ጠዋት ሲቀዘቅዝ አልሄድም የምልበት ቀን ብዙ ነው። የእናቴን ያህል ያረጀሁ ይመስለኛል፤ እግሬ የኔ አይደለም። ዘሃራ በደጄ ስታልፍ በብትሯ ቆርቆሮውን ትመታለች። "ተነሺ፣ እኔ ብቻዬን ከጎመኑ ጋር አልታጠብም" ትላለች። እነሣለሁ።

ቆይቶ ዓይን ጨፍኖ መቆም መጣ። ደጋግሜ ሰጠምኩ። ውሃ ጠጣሁ። ግን ሰጥሜ ስነሣ የሚያመኝ ቦታ አልነበረም፤ አለመፍራት የጀመርኩት በዚህ ነው። ቀስ በቀስ፣ በጨለማው ውስጥ፣ የእግሬ መዳፍ ሲሚንቶውን ሲነካ ይነግረኝ ጀመር፤ ወደ ተረከዝሽ ከብደሻል፣ ወደ ጣትሽ ሂጂ ይለኛል። ድሮም ይነግረኝ ኖሮ ይሆናል፤ አልሰማውም ነበር።

ዶክተራ ሰልማ ስለ ልጅቷ ማሩ ነግሯታል። አንድ ቀን እርጥብ አሸዋ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችና እንዳቅፍ ሰጠችኝ። ዘሃራ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። "ቁርጥ አያቷን!" አለች።

ያን አሸዋ ታቅፌ ገንዳውን ስመላለስ ሰነበትኩ። አንድ ረፋድ አበባ ደረቅ ልብስ ልታቀብለኝ መጣች። ወንዱን አዝላ፣ ሴቷን ታቅፋ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆመች። ሁለት ልጅ ማጥባቱ አክስቷት የአንገቷ አጥንት ወጥቶ ነበር። እያየችኝ ነው፤ እኔም አወቅሁ። እስከ ዳር ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ መሐል ላይ ቆምኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። የምሰማው የውሃውን ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ግራ አዘነበልኩ፤ ቀኝ እግሬ ከፈት አለ፣ ተመለስኩ። ዓይኔን ስገልጥ አበባ ገንዳው ጠርዝ ላይ ናት፤ ወንዱን ለዘሃራ ሰጥታ ጫማዋን እያወለቀች።

"እማዬ፣ እዚያው ይቁሙ" አለች። ቀሚሷን ሳትሰበስብ ገባች። አሸዋውን ከእጄ ወስዳ ጠርዙ ላይ አስቀመጠች፤ ልጅቷን ደረቴ ላይ አኖረችልኝ። "ቢወድቁም እኔ አለሁ።"

ዶክተራ ሰልማ በአንድ በኩል፣ አበባ በሌላው ቆሙ። ቁልቁል ልጅቷን ላይ ስል ዶክተራ ከለከለችኝ፤ ራሴ ካጎነበሰ ሚዛኔ ይጠፋል። ፊት ለፊት ኒሙን እንድመለከት አዘዘችኝ። እናም ስንት ቀን የናፈቅኳትን ልጅ ታቅፌ፣ ዛፍ ዛፉን እያየሁ ተራመድኩ። ትንፋሿ አንገቴ ሥር ይመታኛል። የእግሯ ጣት ውሃ ነክቶት ተንፈራገጠች።

ደረቁ መሬት ላይ እንደዚያ ለመሄድ ሌላ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ መንገዱ ቀና ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ምድጃ አጠገብ ወድቄ ክንዴን ተቃጥያለሁ። ልጅቷ ግን ክርስትና ስትነሣ፣ ሰማንያ ቀኗ ካለፈ በኋላ መጠለያው ውስጥ በተሠራው ዳስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቆሜ የያዝኳት እኔ ነኝ። ዓይኔን ከእመቤታችን ሥዕል ላይ ሳልነቅል ጸለይኩ። ዓይን ገልጦ መጸለይ መጀመሪያ ልቤን ይበትነው ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። አበባ ከኋላዬ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ ሳትገፋኝ፣ ሳትይዘኝ።

እኔ ዛሬም ድኛለሁ አልልም። ሲጨልም ፋኖስ ካልያዝኩ ከቤት አልወጣም። ፊቴን ተቀምጬ ነው የምታጠብ። ወላጆቻችሁ መውደቅ ሲጀምሩ ዕድሜ ነው፣ ኀዘን ነው፣ መንፈስ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ መቼ መቼ እንደሚወድቁ፣ ምን መርፌ እንደወሰዱ ጠይቁና ለሐኪም ንገሩ። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ደግሞ ይህን አንብቦ ሐኪም ያዘዘለትን እንዳያቋርጥ፤ እኔን የጎዳኝ ያለ ሐኪም መወጋቴ ነው። ንጹሕ ውሃና የሚደግፍ ሰው ካገኛችሁ አትፈሩ፤ ብቻችሁን ግን አትግቡ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ክርስትናው ዕለት አባ ክንፈ የልጅቷን የቤት ስም ጠየቁ። ማሩ አበባን አየ፣ አበባ እኔን አየችኝ። እስከዚያ ቀን ልጅቷ ስንላት ኖረናል፤ ያመጣቻትንም ሴት መጠየቅ ለማንም አልታሰበውም። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተባለ። ለቤት ትርፌ እላታለሁ። ስንዱ ግን ልጇን ያለ ስም አታቅፍም፤ አውቃታለሁ፣ ገና በሆዷ ሳለች ስም አውጥታላት ይሆናል። ትርፌ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከጓደኞቿ ጋር በዓረብኛ ትጣላለች፤ እኔን በአማርኛ ትጠይቀኛለች። እናቴ ማን ብላ ጠራችኝ ትለኛለች። የአባቷ ወገኖች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

በዚያ ዓመት ከጠለምት ተነሥታችሁ ወደ ሱዳን የወረዳችሁ፣ ስንዱ የምትባል፣ ረዘም ያለች፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት ሴት መንገድ ላይ ስትወልድ የነበራችሁ፣ አብራችኋት ያደራችሁ፣ ሕፃኗን ከእጇ የተቀበላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ስንዱ ልጇን ስትጠራት ሰምታችሁ ከሆነ ላኩብኝ። ራቅ ካላችሁም እኔው እመጣለሁ፤ በቀን ይሁን እንጂ፣ በእግሬ እመጣለሁ።